ኢንተርናሽናል ሎው ልማር ወይስ ኢንተርናሽናል ሪሌሽንስ? ማስተርስ ለሚያስቡ የድሬና የሐረር ልጆች

ምርቃት ባለፈ ቁጥር ይሄ ጥያቄ ይመጣል። ህግ የጨረሰውም፣ ፖለቲካል ሳይንስ የጨረሰችውም፣ ታሪክ የተማረውም "ማስተርሴን ኢንተርናሽናል ሎው ልያዝ ወይስ ኢንተርናሽናል ሪሌሽንስ" ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ ደሞ "የቱ ነው ስራ ያለው" ይከተላል። ወደ ስራው እመጣለሁ፣ ግን መጀመሪያ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፣ ስማቸው ስለተቀራረበ ብቻ አንድ የሚመስላቸው ልጆች ብዙ ናቸው፣ ገብተው አንድ አመት ከለፉ በኋላ "እኔ የፈለግኩት እኮ ይሄን አልነበረም" ማለት ደሞ ጊዜም ብርም ወኔም ይጨርሳል። (አመተ ምህረቶቹን በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ልዩነቱ ትምህርቱ የሚነሳበት ጥያቄ ላይ ነው። በሀገራት መሀል አንድ ነገር ሲፈጠር የህጉ ሰው "ይሄ ይፈቀዳል ወይ፣ ግዴታው የማን ነው፣ የትኛው ፍርድ ቤት ፊት ሊቀርብ ይችላል" ብሎ ነው የሚነሳው። የሪሌሽንሱ ሰው ደሞ "ለምን አደረጉት፣ ጉልበቱን ከየት አመጡት፣ ቀጥሎስ ምን ያደርጋሉ" ይላል። ነገሩ ያው አንድ ነው፣ የሚያነቡት ወረቀት ግን ይለያያል፣ የሚጽፉት ይለያያል፣ ጥሩ መልስ የሚባለውም ይለያያል።

ድሬ ላይ ሆኖ ይሄን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ባቡሩ ይበቃናል። ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊዙ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1894 ነው፣ ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 ነው፣ ከተማችንም የተቆረቆረችው በዛው ነው። ከዛ ግን ስራው ለአመታት ቆመ፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ለምን ቆመ ካላችሁ አንዱ ገንዘብ ነው፣ ሌላው ግን እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ሀዲዱን ማን ይቆጣጠረዋል እያሉ መናቆራቸው ነው። በመጨረሻ በዲሴምበር 1906 ሶስቱ ለንደን ላይ ተስማሙና ኢትዮጵያ ውስጥ የማን ጥቅም የት እንደሆነ ተከፋፈሉ፣ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን መስመር ለፈረንሳይ ወገን አደረጉት። ኢትዮጵያ አልፈረመችም። ሶስቱ በመሀላቸው ከጨረሱ በኋላ ነው የተነገራት፣ ምኒልክም ይሄ የእኔን ሉዓላዊ ስልጣን አይገድብም የሚል ይዘት ያለው መልስ ሰጡ።

አሁን ይሄንን ለሁለቱ ተማሪዎች ስጧቸው። የህጉ ተማሪ ቶሎ ብሎ የሚይዘው ነገር ያልፈረመ ሀገር በሌሎች ውል ይገደዳል ወይ የሚለውን ነው። አይገደድም። ሳይስማማ ግዴታም መብትም አይፈጠርበትም፣ ይሄ ድሮም በልማድ የነበረ መርህ ነው፣ በኋላ በ1969 በወጣው የቪየና የውሎች ህግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 34 ላይ ተጽፏል። ስለዚህ የምኒልክ መልስ በህግ አይን ባዶ የክብር ቃል አይደለም፣ ዝም ቢሉ ኖሮ ዝምታቸው እንደ መስማማት ሊቆጠርባቸው ይችል ነበርና በጊዜው መቃወማቸው ትልቅ ዋጋ አለው። የሪሌሽንሱ ተማሪ ግን አንቀጹን አይደለም የሚፈልገው፣ በአፍሪካ ለአመታት ሲሻሙ የኖሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ድንገት ምን አስማማቸው ብሎ ነው የሚጠይቀው፣ ያኔ የጀርመንን መነሳት ያያል፣ የምኒልክ ጤና እየደከመ መሄዱንና ከሳቸው በኋላ ምን ይመጣል የሚለውን ስጋት ያያል፣ ከአድዋ በኋላ ደሞ ኢትዮጵያን በጦር ከመያዝ ጥቅምን በወረቀት መከፋፈል ለምን እንደተመረጠ ያጠናል። እዚህ ላይ ሪያሊዝም የሚሉት አስተሳሰብ "የሀይል ሚዛን ነው" ይላል፣ ሊበራሊዝም "ንግዱና ስምምነቱ ሁሉንም ስለጠቀመ ነው" ይላል፣ ኮንስትራክቲቪዝም ደሞ "አድዋ ኢትዮጵያን የሚያዩበትን አይን ስለቀየረው ነው" ይላል። ሶስቱም ትክክል የሚሆኑበት ቦታ አላቸው፣ የማስተርሱ ስራ የትኛው የቱን ያህል እንደሚያስረዳ በማስረጃ ማሳየት ነው።

ያልፈረመ አይገደድም የሚለው ነገር ዛሬም ስራ ላይ ነው። አባይ ላይ የ1929ኙ ስምምነት በግብጽና በእንግሊዝ መሀል ነው፣ የ1959ኙ በግብጽና በሱዳን መሀል ነው፣ እኛ ሁለቱም ውስጥ የለንበትም፣ የኢትዮጵያ ክርክር በብዛት እዛ ላይ ነው የሚቆመው። ጠንካራ ክርክር ነው። ግን ማስተርስ የሚማር ሰው እዛ ላይ ማቆም የለበትም፣ በሜይ 1902 ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር የተፈራረሙት ውል አለ፣ አንቀጽ 3ቱ ስለ ጥቁር አባይ፣ ስለ ጣናና ስለ ሶባት ነው የሚያወራው፣ እዛ ላይ "አልፈረምንም" ማለት አይቻልም። ስለዚህ ሌላ ክርክር ያስፈልጋል፣ ቃሉ ምን ያህል ይከለክላል፣ ውሃን ማቆምና ተጠቅሞ መልሶ መልቀቅ አንድ ነው ወይ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ከነበረ መንግስት ጋር የተደረገ ውል ለተተኪው ያልፋል ወይ፣ ሁኔታዎች ሲቀየሩ ውል ይፈርሳል ወይ። ሀገሩን የሚወድ ሰው የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር ከሁሉም በላይ ማወቅ አለበት ብዬ አምናለሁ፣ ፌስቡክ ላይ የማይነገረን ይሄ ክፍሉ ነው። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደሞ የናይል ተፋሰስ ሀገራት የትብብር ማዕቀፍ ስምምነት ስራ ላይ ውሏል፣ ግብጽና ሱዳን አልገቡበትም፣ ያው መርህ አሁን በተራው ወደኛ ዞሮ ይመጣል ማለት ነው፣ እነሱም ያልፈረምነው አይመለከተንም ይላሉ።

ሌላ አንድ መዝገብ ላሳያችሁ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ለኔ ግን ሁለቱን ትምህርቶች ጎን ለጎን ለማየት ከዚህ የተሻለ የለም። በኖቬምበር 4 1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ደቡብ አፍሪካን ሄግ ባለው የአለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጉዳዩ የዛሬዋ ናሚቢያ ነው፣ ያኔ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ ትባል ነበር፣ ሊግ ኦፍ ኔሽንስ (ከተመድ በፊት የነበረው የመንግስታት ማህበር) ለደቡብ አፍሪካ በአደራ የሰጣት ግዛት ነች፣ ደቡብ አፍሪካ ግን አፓርታይድን እዛም አስገባችው። ለምን ኢትዮጵያና ላይቤሪያ? ምክንያቱም ይሄ ፍርድ ቤት እንደኛ ሀገር ፍርድ ቤት ከሳሽ ስለመጣ ብቻ ተከሳሽን አይጠራም፣ ሀገራት ካልተስማሙ ስልጣን የለውም። የአደራው ሰነድ ግን የሊጉ አባላት ክስ ማቅረብ ይችላሉ የሚል አንቀጽ ነበረው፣ ሁለቱ ደሞ የሊጉ አባል ነበሩ፣ ኢትዮጵያ ከ1923 ጀምሮ።

በ1962 ፍርድ ቤቱ 8 ለ7 በሆነ ድምጽ ስልጣን አለኝ አለ። ከዛ አራት አመት ሙሉ ተከራከሩ፣ ምስክር ተሰማ፣ ሰነድ ተከመረ፣ ከዛ በጁላይ 18 1966 ድምጹ 7 ለ7 ሆነና አውስትራሊያዊው ፕሬዝዳንት ፐርሲ ስፔንደር ወሳኙን ድምጽ ሰጡ፣ ክሱ ወደቀ። ምክንያቱ አፓርታይድ ልክ ነው ተብሎ አይደለም፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ላይ የራሳቸው የሆነ ህጋዊ ጥቅም የላቸውም ተብሎ ነው። ማለትም የተበደለው የናሚቢያ ህዝብ ሆኖ ሳለ እናንተ ምን አገባችሁ እንደማለት ነው። አፍሪካ ውስጥ በፍርድ ቤቱ ላይ የነበረው እምነት ክፉኛ ተሰበረ።

የህጉ ተማሪ ከዚህ ተነስቶ የሚከተለው መንገድ አለ። ያው ፍርድ ቤት በ1970 ባርሴሎና ትራክሽን በሚባለው መዝገብ ላይ አንዳንድ ግዴታዎች ለአለም ሁሉ የሚገቡ ናቸው፣ እንደ ዘር ማጥፋትና የዘር መድልዎ ያሉት ጥሰቶች ሁሉንም ሀገር ያገባቸዋል አለ። ከዛ በ2019 ጋምቢያ፣ ከበርማ ጋር ድንበር እንኳን የሌላት ትንሽ ሀገር፣ ሮሂንጋ በሚባሉት የበርማ አናሳ ሙስሊሞች ጉዳይ በርማን ከሰሰች፣ በ2022 ፍርድ ቤቱ ያገባሻል ብሎ ተቀበላት። በዲሴምበር 2023 ደሞ ደቡብ አፍሪካ ራሷ እስራኤልን በጋዛ ጉዳይ ከሰሰች፣ የቆመችው በዚሁ አይነት መብት ላይ ነው። በ1966 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ የተከለከሉት በር እንዴት እንደተከፈተ ደረጃ በደረጃ ማየት ማለት ኢንተርናሽናል ሎው መማር ማለት ነው።

የሪሌሽንሱ ተማሪ ደሞ ፍርዱ ከወደቀ በኋላ ነው ስራው የሚጀምረው። ክሱ በህግ ተሸነፈ፣ ግን በወራት ውስጥ፣ በኦክቶበር 1966፣ የተባበሩት መንግስታት ጠቅላላ ጉባኤ አደራውን ሰረዘው፣ ምክንያቱም ያኔ ጉባኤው ውስጥ አዲስ ነጻ የወጡ የአፍሪካና የእስያ ሀገራት ድምጻቸው በዝቶ ነበር። በ1971 ፍርድ ቤቱ ራሱ ደቡብ አፍሪካ እዛ መቆየቷ ህገወጥ ነው የሚል አስተያየት ሰጠ። ናሚቢያ ግን ነጻ የወጣችው በ1990 ነው። በመሀል ያሉት አመታት ውስጥ ቀዝቃዛው ጦርነት አለ፣ አንጎላ አለች፣ ኩባ አለች፣ ማዕቀብ አለ። ህጉ ብቻውን አላስወጣትም፣ ፖለቲካው ብቻውን ግን ያለ ህጉ ቋንቋ አይንቀሳቀስም ነበር። እኔ ሁለቱን እኩል የማከብረው በዚህ ነው፣ "ኢንተርናሽናል ሎው የሚባል ነገር የለም፣ ጉልበት ብቻ ነው ያለው" የሚሉትን ግን አልስማማም።

ህጉ እኛ ሰፈር ድረስ ይመጣል እኮ። የኢትዮጵያ ህገመንግስት አንቀጽ 9(4) የጸደቁ አለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ህግ አካል ናቸው ይላል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 ላይ አባት ልጄን አሳዳጊ ከሆነችው አክስት ልውሰድ ሲል ችሎቱ የህጻናት መብት ኮንቬንሽንን ጠቅሶ የህጻን ጥቅም አስቀድሟል፣ የሰበር ውሳኔ ደሞ የስር ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፣ ድሬ ያለ ዳኛም በዛ መሰረት ነው የሚሰራው። ጄኔቫ የማይሄድ ሰውም ይሄን ትምህርት ይጠቀምበታል ማለት ነው።

ውስጡ ምን ይማራል የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ህጉ ጋ የውሎች ህግ፣ የመንግስት ሀላፊነት፣ የሀይል አጠቃቀም (የተመድ ቻርተር አንቀጽ 2(4) እና 51 በቃል ነው የምታውቋቸው)፣ የጦርነት ህግ፣ ሰብአዊ መብት፣ የአለም አቀፍ ወንጀል፣ የባህር ህግ ምናምን። የፍርድ ቤቱ መተዳደሪያ አንቀጽ 38 የህጉን ምንጮች ይዘረዝራል፣ ውል፣ ልማድ፣ አጠቃላይ መርሆች፣ እንደ ማገዣ ደሞ የፍርድ ውሳኔና የሊቃውንት ጽሁፍ፣ ማንኛውም ክርክር ወደዛ ነው የሚመለሰው። ሪሌሽንሱ ጋ ቲዎሪ፣ የውጭ ፖሊሲ ትንተና፣ የአለም ኢኮኖሚ ፖለቲካ፣ ደህንነት፣ የክልል ድርጅቶች፣ እና ተማሪ የሚፈራው ሪሰርች ሜተድስ። እሱን አትናቁት፣ ሪሌሽንስ ተምሮ ጎበዝ የሚባለው ሰው እዛ ላይ ነው የሚለየው፣ ዜና ማውራት ሁሉም ይችላል።

ማን መግባት ይችላል? ኤል.ኤል.ኤም (የህግ ማስተርስ ማለት ነው) በአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪው ህግ የሆነ ሰው ነው የሚፈልገው። ሪሌሽንስ በሩ ሰፊ ነው፣ ከፖለቲካል ሳይንስም ከታሪክም ከኢኮኖሚክስም ከህግም ይቀበላሉ። ስለዚህ ህግ ያልተማረ ሰው ምርጫው ግማሽ ያህል ተወስኗል፣ ህግ የተማረው ግን ሁለቱም ክፍት ነው። ኤል.ኤል.ኤም ብቻውን የጥብቅና ፈቃድ እንደማይሰጥም እወቁ፣ እሱ የራሱ መንገድ አለው። ሀገር ውስጥ ከሆነ ጋት የሚባለውን የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የህግ ትምህርት ቤቱም፣ የፖለቲካል ሳይንስና ኢንተርናሽናል ሪሌሽንስ ዲፓርትመንቱም፣ የሰላምና ደህንነት ጥናት ኢንስቲትዩቱም አሉ፣ ድሬዳዋና ሐረማያ ደሞ በየአመቱ የሚያወጡትን ማስታወቂያ ተከታተሉ።

ውጭ ለሚያስቡ ደሞ ከስኮላርሺፕ ውስጥ የእንግሊዙ ቺቭኒንግ አብዛኛውን ጊዜ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ነው ማመልከቻው ክፍት የሚሆነው፣ ሁለት አመት የሚያክል የስራ ልምድ ይጠይቃል፣ ተምረህ ስትጨርስ ወደ ሀገርህ መመለስ ግዴታ ነው። ኢራስመስ ሙንዱስ በተለያዩ የአውሮፓ ሀገራት እየተዘዋወሩ የሚማሩበት ነው። ለህግ ተማሪ ከሁሉም የምወደው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ያለው የአፍሪካ ሰብአዊ መብትና ዴሞክራሲ ኤል.ኤል.ኤም ነው፣ የአፍሪካን ጉዳይ ከአፍሪካውያን ጋር ነው የሚያጠኑት፣ ከተባባሪዎቹ አንዱ ደሞ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ማመልከቻው ላይ ልጆቻችን የሚወድቁበት ቦታ ብዙ ጊዜ ነጥብ አይደለም፣ የጥናት ሀሳቡ ነው። ሁሉም "ኢትዮጵያና የባህር በር" ብሎ ይጽፋል። ይሄ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። እስቲ እናጥብበው። በ1982 የወጣው የባህር ህግ ኮንቬንሽን አንቀጽ 125 ወደብ የሌላቸው ሀገራት ወደ ባህር የመድረስና በጎረቤት በኩል የመተላለፍ መብት አላቸው ይላል፣ ወዲያው ግን ዝርዝሩ ከጎረቤት ጋር በሚደረግ ስምምነት ይወሰናል፣ ጎረቤቱም ጥቅሙን የማስጠበቅ መብት አለው ይላል። ኢትዮጵያ ኮንቬንሽኑን ፈርማለች ግን አላጸደቀችም። አሁን ጥያቄ ተወለደ፣ "ፈርማ ያላጸደቀች ሀገር በአንቀጽ 125 ያለውን የመተላለፍ መብት በልማዳዊ ህግነት መጠየቅ ትችላለች ወይ?" ይሄ የህግ ፕሮፖዛል ነው፣ የት እንደሚነበብም ይታወቃል። ልብ በሉ፣ አንቀጹ የሚያወራው ስለ መተላለፍ ነው፣ የወደብ ባለቤትነት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሁለቱን የሚያደባልቅ ፕሮፖዛል መጀመሪያው ገጽ ላይ ነው የሚጣለው።

ሪሌሽንስ የሚያመለክተው ደሞ ከዛው ቦታ ተነስቶ ሌላ ይጠይቃል። ጅቡቲ አሜሪካን፣ ፈረንሳይን፣ ጃፓንን፣ ጣሊያንን፣ ከ2017 ጀምሮ ደሞ ቻይናን ወታደር አስፍራለች፣ ትንሽ ሀገር ሆና ትልልቆቹን እንዲህ አጠገብ ላጠገብ አስቀምጣ ከኢትዮጵያ ጋር ስትደራደር ጉልበቷ ከየት ነው የሚመጣው? ወይም ኢትዮጵያ በጃንዋሪ 2024 ከሶማሌላንድ ጋር ከተፈራረመችበት እስከ ዲሴምበር 2024 የአንካራ መግለጫ ድረስ የጎረቤቶቿ አቋም እንዴት ተቀየረ? ጊዜው የተወሰነ ነው፣ ተዋናዮቹ ይታወቃሉ፣ ሰነድ አለ፣ ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ሰውም ይገኛል። እዚህ የሚኖር ሰው ደሞ ትራንዚተሩንም፣ የከባድ መኪና ሹፌሩንም፣ ጅቡቲ ተመላልሶ የሚነግደውንም ያውቃል፣ ይሄ ለንደን ያለ ተማሪ በስንት ብር የማያገኘው ነገር ነው፣ ፕሮፖዛላችሁ ውስጥ በግልጽ ጻፉት።

ስራው ጋ እንምጣ። እውነቱን ለመናገር የወረቀቱ ስም ስራ አያመጣም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ የአፍሪካ ህብረት፣ የተመድ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን አዲስ አበባ ናቸው፣ ኢጋድ ጅቡቲ ነው፣ ሁሉም ቦታ ውድድሩ ከባድ ነው። ለኛ አካባቢ ሰው ግን ሁለት መስኮች በደንብ አይታዩም። አንዱ ስደተኞች ናቸው፣ ጅግጅጋ ዙሪያ ቀብሪበያህ፣ አውበሬና ሸደር ካምፖች አሉ፣ የ1969ኙ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ኮንቬንሽን እዚሁ አዲስ አበባ ነው የጸደቀው፣ አዋጅ 1110/2019 ደሞ አለ፣ እነዚህን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ዩኤንኤችሲአርም፣ መንግስትም፣ ረድኤት ድርጅቶችም ይፈልጉታል። ሁለተኛው ትራንዚትና ንግድ ነው፣ የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በ2022 ተከፍቷል፣ አዲሱ ባቡር አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ የጭነት ውል፣ የኢንሹራንስና የግልግል ዳኝነት ክርክር ይኖራል። ዲፕሎማት መሆን ብቻ እያለማችሁ ይሄን አትለፉት።

ለመዘጋጀት ብር ላያስፈልግ ይችላል። የተመድ የኢንተርናሽናል ሎው ኦዲዮቪዥዋል ላይብረሪ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ነው፣ ትልልቅ ፕሮፌሰሮችና ዳኞች ያስተምሩበታል፣ ማታ ማታ ዋይፋይ ያለበት ቦታ አንድ አንድ ሌክቸር ብታወርዱ ከማመልከታችሁ በፊት ሜዳውን ታውቁታላችሁ። የ1966ቱን ፍርድም የፍርድ ቤቱ ድረገጽ ላይ አውርዱት፣ በተለይ የተቃወሙትን ዳኞች ሀሳብ አንብቡ። ካነበባችሁ በኋላ የበለጠ ያበሳጫችሁ የፍርዱ አመክንዮ ከሆነ ወደ ህጉ ሂዱ፣ ዳኞቹ ለምን እንዲህ ተከፋፈሉ የሚለው ከሆነ ያስጨነቃችሁ ደሞ ቦታችሁ ሪሌሽንስ ነው።

ቋንቋን ደሞ አትርሱ። የሄጉ ፍርድ ቤት የሚሰራው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው፣ የአፍሪካ ህብረትም ፈረንሳይኛ የሚችል ሰው ይፈልጋል፣ ጅቡቲም ቢሮው በፈረንሳይኛ ነው፣ ድሬ ላይ ደሞ አሊያንስ ፍራንሴዝ አለልን፣ ከማስተርሱ በፊት ያለውን አንድ አመት ለሱ ብትሰጡት አታጡበትም። ሌላው ደሞ ሲቪያችሁ ላይ "አማርኛና እንግሊዝኛ" ብላችሁ ብቻ አትለፉ። ድሬ ያደገ ልጅ ብዙ ጊዜ ኦሮምኛም ሶማልኛም ይችላል፣ ሐረር ያደገው ሐረሪም ይጨምራል፣ አረብኛ የቀራም አለ፣ ይሄ ሁሉ ይጻፍ፣ ከነደረጃው፣ መናገርና መጻፍ ተለይቶ።